ጃቦድ፦ የአፈር ሣጥን ምድጃ

አሜሪካ ውስጥ ብረት መቀጥቀጥን በትርፍ ጊዜያቸው የያዙ ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ ጃቦድ። ቃሉ «ጀስት ኤ ቦክስ ኦፍ ደርት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ መነሻ ፊደላት የተሠራ ሲሆን ፍቺው «አፈር የተሞላ ሣጥን፣ በቃ» እንደ ማለት ነው። ቀልድ አለበት። ጀማሪው የጋዝ ምድጃና የፋብሪካ መስፍ ስንት ዶላር እንደሚፈጅ ሲያሰላ፣ የቆዩት ደግሞ «ሣጥንህን አፈር ሙላና ዛሬውኑ ቀጥቅጥ» ይሉታል።

በአማርኛ «የአፈር ሣጥን ምድጃ» ቢባል ጥሩ ነው። ከወጥ ቤቱ ምድጃ እንዳይምታታ ለሚሰጋ «የቀጥቃጭ» የሚለውን መጨመር ይቻላል። ነፋሱን እሳቱ ድረስ የሚያደርሰውንና ፈረንጆች «ትዊየር» የሚሉትን ደግሞ እዚህ «የነፋስ ቱቦ» ብዬዋለሁ። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠትና ሞረድ ተርጓሚ አይፈልጉም፤ ድሮም የእኛው ናቸው።

አሠራሩ ይኸውና። ከአሮጌ ጣውላ ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሣጥን ይመታል፤ ቆሞ ለመሥራት እንዲመች እግር ይበጅለታል። የሚሞላበት አፈር ሸክላነት ያለው ቢሆን ይመረጣል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ ያህል ብቻ ይሁን፤ ጭቃ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። እየተጠቀጠቀ ከሞላ በኋላ መካከሉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጎድጓዳ ይቆፈራል። ከጎድጓዳው ታች 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በጎን በኩል፣ ውስጡ ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የብረት ቱቦ ይገባል። ጣውላው እንዳይቃጠል የሚጠብቀው በእሳቱና በእሱ መካከል ያለው አፈር ስለሆነ እዚያ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም። ለማጠናከር ብሎ ሲሚንቶ መቀባት ግን ክፉ ሐሳብ ነው። ኮንክሪት ውስጡ የያዘው ውሃ ሲግል እየፈነዳ ይፈናጠራል፤ የወንዝ ድንጋይም እንዲሁ።

ነፋሱን የፀጉር ማድረቂያ ወይም የሚነፋ ፍራሽ የእጅ ፓምፕ ይሰጠዋል። ማድረቂያው ለዚህ ሥራ ከሚገባው በላይ ይነፋል። ስለዚህ አፉን ከቱቦው ጋር አጥብቆ ከማሰር ጥቂት ክፍተት ትቶ ትርፉ ነፋስ እንዲያመልጥ ማድረግ ይሻላል። እኔ ፓምፑን እመርጣለሁ። ሲገፋም ሲሳብም የሚነፋው ዓይነት ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ ነው። እጅ ሲያርፍ ነፋሱም ያርፋል፤ ብረቱን መስፍ ላይ ይዞ ሳለ ከሰሉ በከንቱ አይነድም።

ከሰሉ የእንጨት ከሰል ይሁን፤ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ይሰበር። አሜሪካ ሱቆች ውስጥ ለጥብስ የሚሸጠው ተጨምቆ የተሠራ ከሰል ግን አመዱ ስለሚበዛ ለዚህ አይሆንም።

አሁን ወደ እሳቱ እንጠጋ፤ ጀማሪው ብረቱን የሚያበላሸው እዚህ ነውና። ከቱቦው አፍ የወጣው ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ፍም ላይ ኦክስጅኑ ገና አልተበላም። ብረት እዚያ ቢቀመጥ ኦክስጅኑ ከብረቱ ጋር ይዋሐድና ግራጫ ቅርፊት እየሠራ ይልጠዋል። ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከቱቦው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል በላይ፣ ከሰሉ ኦክስጅኑን ጨርሶት ሙቀቱ ብቻ ይቀራል። የብረቱ ቦታ ያ ነው። ዘንጉ ወደ ታች ሳይወጋ ተጋድሞ ይገባል፣ ከላዩም ፍም ይደረብበታል። ከሰሉ ሳስቶ ብረቱ ከተገለጠ ወይም ነፋሱ ከበዛ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። አንድ ሰው «ምድጃዬ አልጋለልኝም» ብሎ ነፋሱን ሲያጠነክር ብዙ ጊዜ የጎደለው የከሰሉ ውፍረት ሆኖ ይገኛል።

ሙቀቱ በቀለም ይነበባል፤ ለዚህም ጥላ ያስፈልጋል፣ ፀሐይ ላይ ቀይ ብረት ጥቁር ይመስላልና። በደንብ የቀላ ብረት 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ብርቱካናማው 1,000 ይጠጋል፤ ደማቅ ቢጫው ከ1,100 ያልፋል። ከዚያ በላይ ነጭ እየሆነ ፍንጣሪ ሲተፋ ብረቱ ራሱ መንደድ ጀምሯል፤ ያ ጫፍ ተቆርጦ ከመጣል በቀር መድኃኒት የለውም። ቀለሙ ወደ ጥቁር ቀይ ሲወርድ መዶሻውን አሳርፎ ወደ እሳት መመለስ ይገባል። በተለይ ካርቦን የበዛበት አረብ ብረት በርዶ ሲመታ ይሰነጠቃል።

ይህን ሁሉ ያነበበ የአገር ቤት ሰው «ታዲያ ምኑ አዲስ ነው?» ቢል አልፈርድበትም። የእኛ ቀጥቃጭ መሬት ላይ በተማሰ ጉድጓድ፣ በሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ እያፈራረቀ በሸክላ ቱቦ እየነፋ፣ ማረሻና ማጭድ ሲያወጣ ኖሯል። ጃቦድ ያንኑ ጉድጓድ ወገብ ድረስ ከፍ አድርጎ በሣጥን መያዝ ነው። ልዩነቱ በሚሠራው ሰው ክብር ላይ ነው። እዚያ ባለሙያው መሐንዲስም ጡረተኛም ሆኖ በትርፍ ጊዜው ሲቀጠቅጥ ይደነቃል። እዚህ ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለል ኖሯል፤ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። በጎንደር አካባቢ ብረት በመቀጥቀጥና ሸክላ በመሥራት ይታወቁ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም «ቡዳ» የሚለው ስም ተለጥፎባቸው ኖሯል።

አሜሪካም ቢሆን ሙያው በፋብሪካ ተውጦ ሊጠፋ ከደረሰ በኋላ ነው የተነሣው። የአገሪቱ ቀጥቃጮች ማኅበር የተመሠረተው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ ደግሞ ጃቫ የተወለደው አሌክሳንደር ዌይገርስ «ዘ ሞደርን ብላክስሚዝ» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ዌይገርስ ከተጣለ ብረት መሣሪያን፣ መሣሪያ መሥሪያውን ጭምር፣ ማበጀትን ያስተማረ ሰው ነው።

መስፉም ከወዳደቀ ብረት ይገኛል። የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ያገኘ ሰው በተፈጥሮው አኳኋን ያጋድመዋል፤ ቀንዱ የሌለ መስፍ ስለሚመስል። ነገር ግን ሲጋደም መካከሉ ቀጭን ስለሆነ ከመዶሻው ሥር ይነጥራል። አቁሞ እንጨት ጉማጅ ውስጥ መቅበር ይሻላል፤ ፊቱ ቢጠብም ክብደቱ ሁሉ ቀጥታ ከምቱ ሥር ይሆናል። ሐዲድ ካልተገኘ የትልቅ መዶሻ ራስ በጉማጅ ውስጥ ተቀብሮ ያገለግላል። ከፍታው ቆመው ክንድዎን ሲያወርዱ የጨበጡት ቡጢ የሚደርስበት ያህል ይሁን። ዝቅ ካለ ወገብ ያጎብጣል፣ ከፍ ካለ ትከሻ ይገድላል። መዶሻው አንድ ኪሎ ገደማ ይበቃል። ጉጠት ለጊዜው ቢቀር ግድ የለም፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ዘንግ ሌላው ጫፉ በእጅ ይያዛል።

ገንዘብ ካለ ለዓይን መነጽር ይውጣ። ልብሱ ጥጥ፣ ጫማው ቆዳ ይሁን፤ ናይለን ፍንጣሪ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ሥራው ደጅ ወይም በደንብ አየር በሚገባበት ዳስ ሥር ይሁን፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም። ብዙ የማይታወቀው የዚንክ ነገር ነው። የውሃ መስመር ጋልቫናይዝድ ቱቦ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ፈልቶ ይተናል፣ ትነቱም ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳትና የሳንባ ጉዳት ያመጣል። ለነፋስ ቱቦም ሆነ ለመቀጥቀጫ እሱን አይጠቀሙ።

ለመለማመጃ ለስላሳ ብረት ይሁን፤ መንጠቆ፣ የመጋረጃ ማንጠልጠያ፣ የእሳት መቆስቆሻ። ፌሮ በየቦታው ይገኛል፣ ውስጡ ያለው ካርቦን ግን ከቁራጭ ቁራጭ ስለሚለያይ ለስለት አይታመንም። ስለት የሚፈልግ የመኪና ባሌስትራ ይፈልግ፤ በተለምዶ 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን አለው። ጩቤው ከተቀረጸ በኋላ ማግኔት እስኪተወው ይጋላል። ማግኔት መያዙን የሚያቆመው 770 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ ተደርጎ ሞቅ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ ይነከራል። የዘይቱ ዕቃ የብረት ይሁን፣ ክዳኑም በእጅ አቅራቢያ፤ ዘይቱ ቢነድ አፍኖ ማጥፊያው እሱ ነው። ከነከሩት በኋላ ሞረድ ሳይበላው ከተንሸራተተ ጠንክሯል ማለት ነው፤ ግን በዚያው ቢተው ሲወድቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ፊቱ ተወልውሎ ወዲያው በወጥ ቤት ኦቨን 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ እንደገና አንድ ሰዓት ይገባል። የተወለወለው ፊቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ለመሳል ደርሷል።