የርኅራኄ ሒሳብ በማን ኪስ ይወራረዳል?

እ.ኤ.አ. በ1964 ሩት ሃሪሰን የተባለች እንግሊዛዊት ዘመናዊው እርባታ እንስሳን እንደ ማሽን መቁጠር ጀምሯል ስትል መጽሐፍ አሳተመች። አገር ጉድ አለ። መንግሥት በፕሮፌሰር ብራምቤል የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1965 ባወጣው ሪፖርት፣ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ገላውን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት መቻል አለበት አለ።

ያረገዘች አሳማ ግን መዞር እንኳ አትችልም ነበር። አራት ወር ለሚጠጋው እርግዝናዋ፣ ከሰውነቷ ብዙም በማይሰፋ የብረት ጋጣ ውስጥ ትቆያለች። ይህ የሆነው ገበሬው ጨካኝ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ጋጣው ቦታና ጉልበት ይቆጥባል፣ በመኖ መናከስን ያስቀራል፣ የእያንዳንዷን ቀለብ ለመመጠንም ይመቻል።

ብሪታንያ በ1991 ጋጣውን የሚያግድ ደንብ አወጣች። ገበሬው እንዲዘጋጅ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1999 ጊዜ ተሰጠው። አዲስ ቤት፣ ሰፊ ቦታና ተጨማሪ ሠራተኛ የግድ ሆነ። ይሁንና ሕጉ የከለከለው በጋጣ ማርባትን እንጂ ባሕር ማዶ በጋጣ የረባ አሳማ ሥጋ መሸጥን አልነበረም። ጋጣው ይታገድ ያለው ኅብረተሰብ ሱፐርማርኬት ሲገባ ርካሹን አነሳ።

800 ሺህ ገደማ የነበረው የብሪታንያ እናት አሳማ ቁጥር በ10 ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። እርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የሕጉ አይደለም። ፓውንድ ጠንክሮ የውጭ ሥጋ ረክሶ ነበር፤ በ2000 የአሳማ ወረርሽኝ፣ በ2001 ደግሞ አፍተ ግር ገባ። ነገር ግን አዲስ ወጪ የተሸከመ ገበሬ ይህን ሁሉ ለመቋቋም አቅም አነሰው።

የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳይ እገዳ ያጸናው በ2013 ነው፤ ያውም ከተጠቁ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ 4 ሳምንታት ሳይጨምር። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላም ኮሚሽኑ ለ9 አገሮች ማስጠንቀቂያ ጽፏል።

ካሊፎርኒያ ሌላ መንገድ መረጠች። በ2018 መራጩ ያጸደቀው ሕግ ሥጋው የትም ይመረት የት፣ መስፈርቱን ካላሟላ በግዛቷ እንዳይሸጥ ከለከለ። አምራቾች ቢከሱም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 በ5 ለ4 ድምፅ ሕጉን አጸናው። ዋጋው ከፍ ሲል ከፋዩ ሕጉን ያጸደቀው ሸማች ራሱ ነው።

አሳማ በአብዛኞቻችን ማዕድ ላይ የለም። ትምህርቱ ግን ለአበባም፣ ለቡናም፣ ለቆዳም ይሠራል። የራስን አምራች ብቻ የሚያስር፣ ገበያውን ግን ክፍት የሚተው ሕግ ጭካኔውን አያስቀረውም፤ አድራሻውን ይቀይረዋል እንጂ።