የአዲስ አበባ ሕንፃና የውጭ አገር ጥበብ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ የባዕድ ጥበብ ከደጃፏ ርቆ አያውቅም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የሕንድና የአርመን ግንበኞች በቤት ሥራ ተሰማሩ፤ የአውስትራልያው ባሕር ዛፍም ተተከለ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ በደረሰ ጊዜ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ማስመጣት ቀለለ።

ነገር ግን ያን ጊዜ እንግዳው ጥበብ ለባለ አገሩ ይታዘዝ ነበር። ታቦቱ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሕንፃው በባዕድ መሐንዲስ ቢነደፍም፣ ስምንት ማዕዘን ሆኖ የአባቶችን ሥርዓት ጠብቋል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽም ኢጣልያዊው አርቱሮ መዜዲሚ ሲነድፈው፣ የመስተዋቱን ሥዕል የሠራ አፈወርቅ ተክሌ ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በቻይና ተቋራጭ የተሠራው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ መልኩ ግን በሻንጋይ ወይም በዱባይ ቢቆም እንግዳ አይባልም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ብዙ ነዋሪም ወደ ከተማዪቱ ዳር ስለ ተዛወረ ጉርብትናውና ዕድሩ ተበተነ።

መንገድ ማስፋትና የተጐሳቆለ ቤት ማደስ የሚገባ ሥራ ነው። ነገር ግን ዕድርና ማኅበር በአንድ ክረምት አይገነቡም፤ ስለዚህ የሚነድፍ ሁሉ አስቀድሞ የነዋሪውን ኑሮ ይመርምር። አብርሃም እንግዶቹን የተቀበለው ከድንኳኑ ደጃፍ ሆኖ ነው፤ ድንኳኑን ግን ስለ እንግዳ ብሎ አላፈረሰም።