ከክንፉ በታች፦ ስለ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የመታሰቢያ በረራ



ሐውልትን፣ ሙዚየምንና የበዓል ቀንን እንደ ታሪክ ምንጭ መመርመር ለምደናል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ጥቂት ደቂቃ በሰማይ ታይቶ የሚጠፋ መታሰቢያ ነው፤ ይኸውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ለክብረ በዓል በሕዝብ አናት ላይ የሚያደርጉት በረራ ነው። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ እንዲህ ያለው በረራ የሚያስታውሰው ማንን ነው?

ለምሳሌ የማቀርበው ላንካስተር የተባለውን የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ነው። ከተሠሩት 7,377 ላንካስተሮች ውስጥ ዛሬ መብረር የሚችሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ በብሪታንያ፣ ሌላው በካናዳ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳው አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ ለጥቂት ሳምንታት ከእንግሊዙ ጋር ጎን ለጎን በረረ። በዚያ ወቅት ለጥናት በሊንከንሻየር ነበርሁና ከአንድ ማሳ ዳር ቆሜ ለማየት በቅቻለሁ። አስቀድሞ የመጣው ድምፁ ነው። የስምንት ሞተሮች ጉርምርምታ ከጆሮ ይልቅ በደረት ይሰማል። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በአባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃን እጁን አውለበለበ። እኔ ግን ያሰብሁት አያቴን ነበር። አያቴ የራያ ሰው ነበሩ፤ በልጅነቴ የአውሮፕላን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ሥራቸውን ጥለው እኛን ልጆቹን ወደ ቤት ያስገቡ ነበር። ቀና ብለው ሲመለከቱ አይቻቸው አላውቅም።

እነዚያ አዛውንት ባርኔጣቸውን ያወለቁበት ምክንያት ቀላል አይደለም። በብሪታንያ የቦምብ ጣዮች ዕዝ ሥር ከተሰለፉት 125,000 ገደማ በራሪዎች 55,573ቱ ሞተዋል። ሁሉም በፈቃዳቸው የገቡ፣ አብዛኞቹም በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ሆኖም ከጦርነቱ በኋላ አገራቸው ስለ እነርሱ ለመናገር ለረጅም ጊዜ አመንትታለች። በለንደን ግሪን ፓርክ መታሰቢያ የቆመላቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ከ67 ዓመት በኋላ። በምረቃው ዕለት ላንካስተሩ በፓርኩ ላይ እየበረረ ቀይ የመታሰቢያ አበቦችን በተነ። ስለዚህ በረራው የዘገየ ምስጋና ነው፤ ይህንንም ማቃለል አይገባም።

ያ ማመንታት ከየት መጣ? ከታች ከነበሩት ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 መጨረሻ በሃምቡርግ በተነሣው የእሳት ማዕበል ከ30,000 የሚበልጡ ሰዎች አልቀዋል። በየካቲት 1945 በድሬስደን የሞቱት እስከ 25,000 እንደሚደርሱ የታሪክ ባለሙያዎች ኮሚሽን በ2010 አረጋግጧል። የዕዙ አዛዥ የነበሩት የአርተር ሃሪስ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1992 በለንደን ሲመረቅ የተቃውሞ ጩኸት ተሰምቷል። ምረቃው የዋለው ኮሎኝ በአንድ ሺህ አውሮፕላን በተደበደበችበት 50ኛ ዓመት በመሆኑ ቅሬታው ከጀርመን ከተሞችም መጥቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በግንቦት 1943 በሩር አካባቢ ግድቦች ላይ የተፈጸመው ዘመቻ ነው። 19 ላንካስተሮች 133 ሰዎችን ይዘው ተነሡ፤ 53ቱ ሞቱ። በ70ኛው ዓመት፣ በ2013፣ ላንካስተሩ ለልምምድ ባገለገለው በዴርዌንት ግድብ ላይ በክብር በረረ። ከተሰበረው ግድብ በወጣው ጎርፍ ካለቁት 1,300 ያህል ሰዎች ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የጦር ምርኮኞችና በግዳጅ ሥራ የተጋዙ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከሶቪየት ኅብረት የተወሰዱ ሴቶች ናቸው። በራሪዎቹ ነፃ ሊያወጡት ከተነሡት ወገን ነበሩ ማለት ነው። በሰማይ የሚያልፈው አውሮፕላን ይህን ሊነግረን አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ እውነታ ልጨምር። የእንግሊዙ ላንካስተር የተሠራው በ1945 ነው፤ በጦርነቱ አንድም ቦምብ አልጣለም። ከጦርነቱ በኋላ የተሰጠው ሥራ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ሰማይ እየበረረ ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። የካናዳውም እንዲሁ ለጦርነቱ አልደረሰም። ሁለቱም የተቀቡት የሌሎች አውሮፕላኖችን ምልክት ነው። እንግዲህ በአናታችን ላይ የሚያልፈው ምልክት እንጂ ምስክር አይደለም። ምልክት ሕዝብን ይሰበስባል፣ ያስለቅሳልም፤ መስቀለኛ ጥያቄ ሊቀርብለት ግን አይችልም። የታሪክ ባለሙያ ምስክሩን ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ምስክሩ በእኛም አገር አለ። ደሴ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች የተደበደበችው በኅዳር 1928 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ባሰሙት ንግግር፣ አውሮፕላኖቹ በቡድን ተሰልፈው እየተከታተሉ ሲበሩ የሚረጩት መርዝ ያልተቋረጠ ጉም ይሆን እንደነበር አስረድተዋል። ለክብረ በዓል ዓይን የሚማርከው ያ የበረራ ሰልፍ ከታች ላለው ሰው የሞት ሥርዓት ነበር።

ይህን ስል የወራሪውን ፋሺስትና ናዚዝምን የተዋጋውን ወገን ዓላማ አንድ ማድረጌ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። የጦርነት ዓላማ ይለያያል፤ ልዩነቱም ሊደበዝዝ አይገባም። ነገር ግን የዓላማ ፍትሐዊነት ከክንፉ በታች ያለውን ሰው ከታሪክ ለመሰረዝ ፈቃድ አይሰጥም። ቦምቡ የባዕድ ብቻም አልነበረም። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ ላይ ቦምብ ያዘነቡት የገዛ አገራችን የጦር አውሮፕላኖች ናቸው። ስለ ደሴ በቁጣ እየተናገርን ስለ ሐውዜን የምንለዝብ ከሆነ፣ የለንደንን ማመንታት ለመተቸት የሚያበቃ የሞራል ድፍረት አይኖረንም።

ታዲያ የመታሰቢያ በረራ ይቅር ነው የምለው? አይደለም። የምለው ከድምፁ አጠገብ ድምፅ ይቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሊንከን የተከፈተው ዓለም አቀፍ የቦምብ ጣዮች ዕዝ ማዕከል ወደ 58,000 የሚጠጉ ሟቾችን ስም በግድግዳ ላይ ጽፏል። ከዚህ ጋር የበራሪዎችን ብቻ ሳይሆን በጀርመንና በኢጣሊያ ቦምብ የወረደባቸውን ሰዎች ቃል በአንድ መዝገብ ያሰባስባል። ሐዘኑን ሳይነካ ታሪኩን ምሉዕ ለማድረግ የሚያስችል መንገድ ይህ ይመስለኛል።

በ1928 ዓ.ም. ያን ድምፅ የሰሙት አልፈዋል። የአያቴን ቃል የመዘገበ ማንም የለም፤ የቀረኝ ወደ ቤት ያስገቡን የነበረበት ሁኔታ ብቻ ነው። በ1980 ዓ.ም. ሐውዜን የነበሩት ግን ዛሬም በመካከላችን አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ መቅረጫችሁን ይዛችሁ ወደ እነርሱ ሂዱ። ጊዜው አጭር ነው።