ዐቃቢና ፋቂ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት የጥንት ማዕረግ «ዐቃቤ ሰዓት» ነው። ዐቀበ፦ ጠበቀ፤ ዐቃቢ፦ ጠባቂ፤ ዐቃቤ፦ ተናባቢው። «ሰዓት» የሱርስቱ ሻዕታና የዐረብኛው ሳዓ ዘመድ ነው። ከዚሁ «ዐቀበ» ፍርድ ቤት የሚቆመው ዐቃቤ ሕግ ተወልዷል፤ መገበሪያ የምታዘጋጀው ዐቃቢትም እኅቱ ናት። ቃሉ ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል፦ የሚጠበቀው ነገር ካለ ጠባቂው በስሙ ይጠራል።

«ሐይቅ» ራሱ ተጉዟል። በግእዝ ዳርቻንም ይሰይማል፤ አማርኛ ውኃውን ብቻ ያዘ። የገዳሙ ደሴት ዛሬ ከየብስ ስለተያያዘ የጥንቱ ትርጉም በመልክዐ ምድሩ ተመልሷል ማለት ይቻላል።

አቡነ ኢየሱስ ሞዐ (ሞዐ፦ አሸነፈ፣ ድል ነሣ) በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን አቀኑ። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው አራቱ ወንጌላቸው ዘመናቸው ከታወቀ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍታችን አንዱ ነው። በማይክሮፊልም ተነሥቶ በማይክሮፊልሙ ስብስብ 1832 ቁጥር ተሰጥቶታል። ምስሉ አሜሪካ ለሚገኝ ተማሪ ይደርሳል፤ ብራናው ግን ለገዳሙ የተሰጠ ነው።

በብራና መጻሕፍት ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» የሚል ውግዘት ይዘወተራል፦ የሰረቀው፣ የፋቀው የተወገዘ ይሁን። ግእዙ ፈሐቀ ሐ'ን ጥሎ አማርኛው ፋቀ ሆነ፤ መፋቂያ ከዚያ መጣ። ብራና የሚሠራው ቆዳ ተፍቆ ነው፤ የባለቤቱ ስም የሚጠፋውም ተፍቆ ነው። አንዱ ግሥ መጽሐፉን ይወልዳል፣ ባለቤቱንም ይሰርዛል።

እንዲህ ያለውን ብራና ዛሬ «ቅርስ» እንለዋለን፤ ቃሉ ግን የመሥሪያ ቤት ቃል ከመሆኑ በፊት የጓዳ ቃል ነበር፦ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሀብት። ጎረቤቱ «ጥሪት» ከግእዙ አጥረየ (ገንዘብ አደረገ) ነው። «ንዋይ» ደግሞ ዕቃ ነበር፤ ንዋየ ቅድሳት ስንል የጥንቱን እናገኛለን፣ መዋዕለ ንዋይ ስንል ብር እንቆጥራለን። «ጥገና» ከጠገነ ነው፤ ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል። ጥሩ ጠጋኝ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል እንጂ አዲስ አካል አይፈጥርም፤ ለብራናም ሕጉ ይኸው ነው።

ሙዚየም የግሪክ «ሙሴዮን» ነው፣ የጥበብ አማልክት ማደሪያ። አማርኛ «ቤተ መዘክር» አለው። ዘከረ፦ አሰበ፤ ዝክርና ተዝካር ልጆቹ ናቸው። በእኛ ዘንድ መዘከር ድግስ አለው፣ ጸሎት አለው፤ መመልከት ብቻውን ዝክር አያሰኝም።

«ታቦት» ከአራማይኩ ቴቡታ የመጣ ነው። ዕብራይስጥ የኖኅን መርከብ «ቴባ»፣ የኪዳኑን ማደሪያ «አሮን» ብሎ ይለያል፤ ግእዝ ሁለቱንም ታቦት ይላል። ለንደን የሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይዟል፤ አብዛኞቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት በቀር ማንም እንዳያያቸው ተዘግቶባቸዋል፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ለሕዝብ የማይታይ፣ ለጥናት የማይቀርብ፣ የማይዘከር ዕቃ ቤተ መዘክር ውስጥ ምን ይሠራል? በኤዲንብራ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ያገኘችውን ታቦት በ1994 ዓ.ም. መልሳለች፤ ስለዚህ መመለስ የሚቻል ነገር ነው።

ሙዚየሙ ሥርዓቱን ማክበሩ ያስመሰግነዋል። ግን አክብሮቱ ራሱ ማን ዐቃቢ እንደሆነ መስክሯል፤ የቀረው ታቦታቱን ለዐቃቢያቸው ማስረከብ ነው።