የሳተላይት በይነ መረብ፤ በባሕር ላይ ለሚኖር ሰው

«ሳተላይት ኢንተርኔት» የሚለው የባዕድ ስም በአማርኛ ሲጻፍ «የሳተላይት በይነ መረብ» ቢባል ይበቃል። «በይነ» በግእዝ «መካከል» ማለት ነውና በይነ መረብ የተባለው አንዱን መረብ ከሌላው መረብ የሚያገናኘው የመልእክት መንገድ ነው። «ሳተላይት» ግን ከላቲን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ «ዐጃቢ» ነበረ፤ ኬፕለር የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅም በ1611 እ.ኤ.አ. ጁፒተርን ለሚዞሩት ጨረቃዎች ይህን ስም ሰጣቸው። እኛም ቃሉን ተላምደነዋልና እንዳለ መያዙን እመርጣለሁ። ሳተላይቱ የሚመላለስበትን ጐዳና ግን «ኦርቢት» እያሉ መበደር አያሻም፤ «ሖረ»፣ ማለትም «ሄደ»፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ «ምሕዋር» የተባለ ያማረ ስም አለንና።

በጎጃም፣ መራዊ ወይም ቡሬ ከተማ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ከፍቶ መልእክት ሲልክ፣ መልእክቱ ከአጠገቡ ካለው የቴሌ ማማ ደርሶ፣ ከዚያም በፋይበር መስመር ገብቶ አገር ላገር ይጓዛል። በውቅያኖስ መካከል ግን ማማ የሚተከልበት ምድር የለም። ስለዚህ መርከቡ መልእክቱን ሽቅብ ወደ ሰማይ ይልካል፤ ሳተላይቱም ተቀብሎ ምድር ላይ ወዳለ ጣቢያ ይመልሰዋል፤ ከጣቢያው ወዲያ ያለው ጉዞ የለመድነው የፋይበርና የማማ ጉዞ ነው።

የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ያለው በሳተላይቱ ከፍታ ላይ ነው። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞር ሳተላይት ዙሩን የሚፈጽመው ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ በምትዞርበት ጊዜ ልክ ስለ ሆነ፣ ከታች ለሚያየው ሰው ካንድ ቦታ የማይነቃነቅ ይመስላል፤ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ያለው የቴሌቪዥን ዲሽ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ ለዓመታት ሳይነካ የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከዚያ ከፍታ ደርሶ የሚመለስ ድምፅ ከሰባ ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ መልሱም ያንኑ ያህል ስለሚጓዝ፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ግማሽ ሰከንድ ለጽሕፈት ምንም አይደለም፤ ለጨዋታ ግን ብዙ ነው፤ አንዱ ዝም ያለ መስሎት ሌላው ይጀምራል፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይናገራሉ፣ ወዲያው ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዝም ይላሉ።

አዲሶቹ ሳተላይቶች፣ ከእነርሱም ስታርሊንክ የተባሉት፣ የሚዞሩት በ550 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ነው። ይህን «ቅርብ ምሕዋር» ልንለው እንችላለን። በዚህ ቅርበት መልስ የሚመጣው ከአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ተነጋጋሪዎቹ መዘግየቱን አያውቁትም። ነገር ግን ቅርቡ ሳተላይት በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል እየገሠገሠ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም ስለሚዞር፣ ከመርከቡ በላይ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲጠልቅ ሌላው እንዲተካ በሺሕ የሚቈጠሩ ሳተላይቶች ያስፈልጋሉ። የመርከቡ አንቴናም እንደ ቀድሞው በነጭ ጕልላት ውስጥ ሆኖ ከማዕበሉ ጋር የሚዞር ዲሽ መሆኑ ቀርቶ፣ ጠፍጣፋ ገበታ ሆኗል፤ በገበታው ላይ የተደረደሩት ብዙ ጥቃቅን አንቴናዎች ሞገዱን የሚለቁበትን ቅጽበት እያለዋወጡ፣ ገበታው ሳይንቀሳቀስ፣ ወደሚፈለገው ሳተላይት ያቀኑታል።

ከባሕር ተጓዦች ሁሉ ይበልጥ ይህ ገበታ ኑሮውን የለወጠለት፣ በባለ ሸራ ጀልባ ዓለምን የሚዞር ሰው ነው። በፊት ከወደብ ከወጣ በኋላ የአየር ጠባይ የሚሰማው በራዲዮ እየተንኰሻኰሸ ነበር፤ ዛሬ የነፋሱን ካርታ ከውቅያኖስ መካከል ሆኖ ይቀበላል። ይሁን እንጂ ገበታው ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ፣ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ቢበራ ከፀሐይ ብርሃን የተጠራቀመውን የባትሪውን ኃይል ይጨርሰዋል፤ ምሰሶውና ሸራውም ሰማዩን ከጋረዱት መስመሩ ይቈራረጣል። ስለዚህ ብልኅ ጀልበኛ አንቴናውን ከኋላ በኩል ይተክለዋል፤ በተወሰነ ሰዓትም ከፍቶ፣ ካርታውን አውርዶ፣ ለቤተሰቡ ጽፎ ይዘጋዋል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስል፣ ከመራዊ ብዙ በማይርቀው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የተማሩ ወጣቶች ለመርከብ መሐንዲስነትና ለመርከብ ኤሌክትሪክ መኰንንነት እየሠለጠኑ በውጭ አገር መርከቦች ላይ እንደሚሠማሩ ማስታወስ ይገባል። በመርከቡ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የአንቴናውን ገመድ የሚፈትሽ፣ ጨው የበላውን መጋጠሚያ የሚጠርግ ከእነዚሁ አንዱ ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ ክፍሉ ሲገባ ኢሞ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ወደ እናቱ ይደውላል።

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ባሕሩስ እንዴት አደረ?»

እንዲህ ያለው ጥያቄ ወዲያው መልስ ሲያገኝ፣ ለብዙ ወራት ከቤቱ የተለየው ሰው ስንት ጭንቀት እንደሚቀልለት የሚያውቀው በስደት ወይም በባሕር የኖረ ነው። ስለዚህ ይህን መስመር ቅንጦት ነው የሚሉትን አልቀበላቸውም።

መስመሩ ግን ሁለት ጫፍ አለው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል በይነ መረብ ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ በውቅያኖስ መካከል ያለው ልጅ መስመር ነበረው፤ በከተማ ያለችው እናት ግን አልነበራትም። ሰማዩ ክፍት ሆኖ ሳለ ቃሉ ከመድረሻው ሊደርስ አልቻለም፤ የመጨረሻው ምዕራፍ የሚያልፈው በምድር ማማ ነበርና። የሳተላይት በይነ መረብን ነገር የሚያስረዳ ሰው ይህን ሳይናገር ቢያልፍ ግማሹን ደበቀ ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ2022 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ፣ ማሻሻያው ከታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል፣ መርከበኞች ከወዳጅ ዘመዶቻቸው ጋር የሚገናኙበት መንገድ በመርከብ ላይ ሊሰጣቸው ከሚገቡት አገልግሎቶች ጋር ተቈጥሯል፤ ለበይነ መረብ ክፍያ የሚጠየቅ ከሆነም አግባብ ያለው እንዲሆን ተመክሯል። «አግባብ» የሚለው ቃል ግን ሰፊ ነው፤ ባለመርከቡም ወደሚመቸው ሊጐትተው ይችላል። ስለዚህ ውል ሊፈርም የተቀመጠ የጎጃም ልጅ ደመወዙን ከጠየቀ በኋላ፣ መርከቡ የሚጠቀመው ቅርቡን ምሕዋር ነው ወይስ ሩቁን፣ በወር ስንት ጊጋባይት ይፈቀዳል፣ ከዚያ ካለፈስ ከደመወዙ ስንት ይቈረጣል ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል።