ከባሕር ዛፍ እስከ ጦስኝ፦ የዛፍና የሻይ ስያሜዎች ታሪክ

«የጌጥ ዛፍ» እና «የዕፅዋት ሻይ» የተሰኙት ሁለት ሐረጎች በችግኝ ዝርዝሮችና በሸቀጥ መጠቅለያዎች ላይ ሰፍረው እናያለን። ሁለቱም ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል የተመለሱ ናቸው። በሰዋስው ረገድ እንከን አይወጣላቸውም። ይሁን እንጂ የአማርኛ ተናጋሪ ዛፍንና የሚፈላ ቅጠልን በምን ዐይን ሲመለከት እንደ ኖረ ስያሜዎቹን ተከትለን ስንመረምር፣ ሐረጎቹ ከዚያ አመለካከት ውጭ ቆመው እናገኛቸዋለን።

ምርመራችንን ከባሕር ዛፍ እንጀምር። ዛፉ ከአውስትራሊያ የተገኘ ሲሆን፣ ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ግድም ነው። በዚያን ጊዜ በከተማይቱ ዙሪያ የነበረው ደን ተመናምኖ፣ የማገዶ እጦት መናገሻውን እስከ ማዛወር የሚያደርስ ሐሳብ አስነሥቶ ነበር፤ በ1893 ዓ.ም. ግድም አዲስ ዓለም መቆርቆሯም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሕዝቡ ለእንግዳው ዛፍ ስም ሲያወጣ ግን መልኩንም ሆነ ጥቅሙን አልጠራም፤ የመጣበትን መንገድ ጠራ። «ባሕር» እዚህ ላይ ዛፉ የሚበቅልበትን ስፍራ ሳይሆን ተሻግሮት የመጣውን ውኃ ያመለክታል፤ «ባሕር ማሽላ» በሚለው የበቆሎ ስምም ያለው ይኸው ፍቺ ነው። ማገዶነቱ፣ ማገርነቱ፣ በቅጠሉም ጉንፋን የያዘው ሰው መታጠኑ ሁሉ ከስሙ በኋላ የመጣ ነው።

ከእርሱ በኋላ የገቡት ዛፎች ስማቸውን ያገኙት በልዩ ልዩ መንገድ ነው። የውጭው ጥድ «የፈረንጅ ጽድ» ሲባል፣ ቀድሞ «ጽድ» ብቻ ይባል የነበረው ነባሩ ዛፍ «የሐበሻ ጽድ» ለመባል ተገደደ፤ እንግዳው መጥቶ ባለቤቱን ቅጽል አስለጠፈው ማለት ነው። ቀይ አበባ የሚያለብሰው የማዳጋስካሩ ዛፍ «የድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ ጥላውን በሚሰጥበት ከተማ ተጠራ። ጃካራንዳ ባዕድ ስሙን እንደ ያዘ ቀረ። በእኛ አስተያየት ከሁሉም የላቀው «ሸውሸዌ» ነው፤ ነፋስ በቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማውን ድምፅ ጆሮ ሰምቶ ያወጣው ስም ነውና። ይህን ስም ያወጣ ሰው ዛፉን ለማገዶ ብቻ አልተመለከተውም።

እንግዲህ ተናጋሪው የዛፍን ውበት አያደንቅም ሊባል አይቻልም። ነገር ግን «ጌጥ» በአማርኛ በአንገት፣ በጆሮ፣ በእጅ ላይ የሚውል፣ ሲያስፈልግ የሚወልቅ ነገር ነው። ዋርካ ጌጥ አይደለም፤ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ እርቅ የሚወርድበት፣ ታላቅ ሰውም በስሙ የሚመሰልበት ዛፍ ነው። «አድባር» የሚለውም ቃል በግዕዝ የ«ደብር» ብዙ ቍጥር፣ ተራሮች ማለት ሆኖ ሳለ፣ በአማርኛ መንደር ጠባቂ ለተባለው ዛፍ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። አንዳንዶች «የጥላ ዛፍ» ይበቃል ይላሉ፤ ይህ ግን በቡና እርሻ የተያዘ የሙያ ቃል ስለ ሆነ ያደናግራል። እኛ የምንመርጠው «የአጸድ ዛፍ» የሚለውን ነው። አጸድ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በዛፍ የተከበበ ግቢ ነው፤ ለመንገድ ዳር ተክል አይሆንም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ ቃሉ «አጸደ ሕፃናት» በሚለው ስያሜ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ከወጣ መቆየቱን እናስታውሳለን።

የሻይ ነገር ከዚህ ይረቅቃል። «ሻይ ቅጠል» የሚለው ጥምር እንደሚያስረዳው፣ «ሻይ» በአማርኛ በቅድሚያ መጠጡ እንጂ ተክሉ አይደለም። ቃሉ ወደ ጦስኝ፣ ወደ ናና፣ ወደ ከርከዴ፣ ወደ ጠጅ ሳር ያለ ችግር የተሻገረው ስለዚህ ነው። ጠጅ ሳርማ በበዓል ቀን ወለል ላይ ተጎዝጉዞ ቤቱን ያውዳል፣ በማግሥቱም ይፈላል። ይሁን እንጂ የሚፈላ ቅጠል ሁሉ ሻይ አልተባለም፤ የሐረሩ የቡና ቅጠል መጠጥ «ቁቲ» በራሱ ስም ጸንቶ ይኖራል። «የዕፅዋት ሻይ» ማለት ደግሞ ሻይ ቅጠል ራሱ ዕፅ አለመሆኑን የሚያስመስል ነው። «የቅጠላ ቅጠል ሻይ» ብንል፣ ቃሉ «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ከሚለው የቆየ ስድብ ጥላ አያመልጥም፤ ይህ ስድብ ዐዋቂውን ከጠንቋይ ሳይለይ ሲያሳፍር የኖረ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው በተክሉ ስም ቢጠራ፣ «የጦስኝ ሻይ» ቢል ይሻላል።

ከስሙም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግሡ ነው። ሻይ ይፈላል፤ ዳማከሴ በመዳፍ ታሽቶ ይጨመቃል፤ ኮሶ ይበጠበጣል፤ ባሕር ዛፍ ይታጠኑታል። ቋንቋው በግሡ መጠጥን ከመድኃኒት ለይቶ አስቀምጧል፤ መድኃኒቱም ልክ አለው። ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ሰውን እንደሚጎዳ ጠጪው ያውቅ ነበር። በመጠቅለያ ላይ ሁሉን «ሻይ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ግን ልክ የሚለውን አሳብ ከአንባቢው ይወስዳል፤ ሻይ በሲኒ እንጂ በልክ አይጠጣምና።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚቸግረው «ቁንዶ በርበሬ» ነው። ስሙ በአንድ ወገን ከሕንድ የመጣውን ጥቁር ቅመም፣ በሌላ ወገን ከፔሩ ምድር የመጣውንና ቅርንጫፉን ወደ ታች የሚያዘነብለውን የአጸድ ዛፍ ይጠራል። የዛፉ ቀይ ፍሬ ቅመሙን ስለሚመስል ስሙን ወረሰ፤ ነገር ግን በብዛት ቢበላ ሆድ ያውካል፣ ይልቁንም የሕፃናትን። «ቁንዶ በርበሬ ጨምረህ አፍላ» የሚል ትርጉም የደረሰው አንባቢ ከቅመም ሻጭ ይገዛ ወይስ ከደጁ ዛፍ ይልቀም አይለይም። ስለዚህ በአንድ ርእሰ ቃል ሥር እንደ ሁለት ፍቺ ሳይሆን፣ «ቁንዶ በርበሬ» እና «የቁንዶ በርበሬ ዛፍ» ተብለው እንደ ሁለት ርእሰ ቃላት እንዲገቡ፣ በሁለተኛውም ፍቺ ላይ «ፍሬው ለምግብ አይውልም» የሚል ማስገንዘቢያ እንዲጨመር እናሳስባለን።