ሰርቨር በኔትዎርክ ማውጫ ሲመዘገብ የሚያጋጥም የስም ግጭትና አፈታቱ

አዲስ ሰርቨር ወደ መሥሪያ ቤት ኔትዎርክ ሲገባ ስሙ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ማውጫና በዲኤንኤስ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስሙ ቀድሞ የተያዘ ከሆነ ምዝገባው ሊከለከል ይችላል። ከዚህ የከፋው ግን ምዝገባው ተሳክቶ ነባሩ ሰርቨር ከማውጫው ጋር ያለውን ግንኙነት ሲያጣ ነው። ያን ጊዜ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል።

ግጭቱ አንዳንድ ጊዜ ከስም ርዝመት ይመነጫል። ዲኤንኤስ በሁለት ነጥቦች መካከል እስከ 63 ፊደል ሲቀበል፣ ዊንዶውስ ዛሬም የሚጠቀምበት የኔትባዮስ ስም ግን ከ15 አያልፍም። ዋና ከተማው ጫጫ የሆነውን የአንጎለላና ጠራ ወረዳን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ለሁለት ሰርቨሮች በላቲን ፊደል «አማራ»፣ ሰረዝ፣ «አንጎለላ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ 01 እና 02 ቢታከል፣ 6፣ 1 እና 8 ተደምረው 15ቱን ቦታ ይሞሉታል፤ መለያ ቁጥሩ ተቆርጦ ሁለቱም አንድ ስም ይሆናሉ። «ጫጫ» በላቲን 6 ፊደል ብቻ ስለሚፈጅ ለቁጥሩ በቂ ቦታ ይተርፋል።

የላቲን አጻጻፍም የራሱ ችግር አለው። ጫ ከቻ የሚለይበት ጭረት በሰርቨር ስም ውስጥ ስለማይፈቀድ ሁለቱ ድምፆች አንድ ይሆናሉ። በተቃራኒው ደብረ ብርሃን በሁለት ዓይነት አናባቢ ሲጻፍ ማውጫው የአንድ ከተማን ስም እንደ ሁለት ይቀበላል። ስለሆነም አጻጻፉ በዞን ደረጃ አስቀድሞ ቢወሰን ይመረጣል።

ግጭት ሲያጋጥም መጀመሪያ መጣራት ያለበት የስሙ ባለቤት በሥራ ላይ መሆኑ ነው። በኤንኤስሉክአፕ ትእዛዝ ስሙ የተያያዘበት የአይፒ አድራሻ ይታያል፤ በፒንግ ምላሽ መስጠቱ ይፈተሻል። ምላሽ መጥፋቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፋየርዎል ዘግቶት ወይም መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስልክ መደወል ከማናቸውም ትእዛዝ የበለጠ ያስተማምናል። ነባሩ ሰርቨር የሚሠራ ከሆነ አዲሱ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ከአገልግሎት የወጣ ከሆነ ደግሞ አካውንቱን ከመሰረዝ ይልቅ ሪሴት ማድረግ የቡድን አባልነቱንና ፈቃዶቹን ያቆያል፤ አሮጌው የዲኤንኤስ መዝገብም ይነሣል።

ከጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጡ የዊንዶውስ ማሻሻያዎች ሌላ ሰው የፈጠረውን የኮምፒውተር አካውንት መልሶ መጠቀምን ይከለክላሉ። በዚህ ምክንያት የሚመጣ የስሕተት መልእክት የይለፍ ቃል ችግር ስላልሆነ ሙከራውን መደጋገም አይጠቅምም፤ አካውንቱን የፈጠረው ባለሙያ ምዝገባውን እንዲያከናውን ይጠየቃል።

መስመር በተቋረጠበት ጊዜ በሁለት የዶሜይን ተቆጣጣሪዎች ላይ አንድ ስም ከተመዘገበ፣ መስመሩ ሲመለስ ከሁለቱ አንዱ ስሙን ይዞ ይቀራል፤ በሌላው ስም ላይ ሲ፣ ኤን፣ ኤፍ የሚሉ ፊደላትና ረጅም መለያ ይታከሉበታል። ይህ የታከለበት አካውንት የሚሠራው ሰርቨር ሊሆን ስለሚችል፣ የትኛው በአገልግሎት ላይ እንዳለ ሳይረጋገጥ አይሰረዝም።